ትኬት ቆራጩ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትኬት ቆረጥኩኝ፤
ከኮሺሴ ዚሊና ሄድኩ፣ ተመለስኩኝ።
ሄድኩ ይባላል እንዴ? ባቡሩ ነው የሄደ፣
የእኔ እግር ከወንበር ወንበር ነው የነጎደ።
በሰሜኑ መስኮት፣ ከፖፕራድ በላይ፣
ታትራ ብቅ ትላለች፣ ነጭ፣ ከሰማይ፤
"ትኬት!" ስል፣ ስቆርጥ፣ ሒሳብ ስመልስ፣
ከዓይኔ ትጠፋለች ቀና እስክል ድረስ።

በጡረታዬ ማግስት የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ፤
"ዮላና" አልኳት ሚስቴን፣ "እኔ ቆርጫለሁ።"
"ምኑን?" አለች በሳቅ፣ "ትኬቱ አበቃልህ!"
"መሄዱን። በእግሬ።" "በየትኛው እግርህ?"
አልጋው ሥር ገብታ ፕላስተር አወጣች፤
"ተረከዝህን ጠይቀው፣ እሱ ያውቅሃል" አለች።

ዱክላ ላይ ጀመርኩኝ፣ በምሥራቁ ጥግ፣
ዝናብ እየጣለ፣ ያለ ምንም ወግ።
ዛፉ ላይ ቀይ መስመር፣ በነጭ የታጠረ፣
"በዚህ ነው" የሚል፣ ሌላ ያልተናገረ።
ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በዚያች ቀይ ቀለም፤
ተቆጣጣሪ የለም፣ ያረፈደ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ሰደበኝ።
በሦስተኛው ጫማዬ ተረከዜን በላኝ።
በአምስተኛው፣ ጫካ መሃል፣ አቋራጭ አገኘሁ፤
ቆራጭ ነኝና ሳልጠይቅ ገባሁ፤
እሾህ ለበስኩ፣
ግማሽ ቀን ጠፋሁ፤
ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ ብሉቤሪ የምትለቅም ሴት አየሁ።
ሉድሚላ ነኝ አለች። ከንፈሯም እንደ ጣቷ
ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ንብ አርፋለች ከአናቷ።
"ሰውዬ፣ ተራራ ይዞሩታል እንጂ አይበጥሱትም" አለች፤
እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ፤ ሌላ አልጨመረች።

ከዚያ ታናሹ ታትራ፣ ጀርባው ላይ ወጣሁ፤
ከሐዲዱ በስተደቡብ፣ ልብ ብዬ ያላየሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዱ መስኮት ስመኝ፣
የሌላው መስኮት ተራራ ነው የተሸከመኝ።

ብላዤይን ያገኘሁት ከሸንተረሩ አፋፍ፣
የእንጨት መሸከሚያውን ተደግፎ ሲያርፍ፤
ድንች፣ ጋዝ፣ በርሜል ቢራ፣
ከላይ ደግሞ፣ ለጎጆዋ ጠባቂ ለቪየራ፣
እንቁላል፣ ሠላሳ፣ በተራ በተራ።
"ስንት ኪሎ ነው?" ስለው፣ "ሸክሙ እንቁላሉ ነው" አለ፤
"ሌላውማ ቢወድቅ የሚሰበር የለ።"
አብረን ወጣን። አላወራንም።
እግሩን የሚያሳርፈው ሕፃን እንደተኛበት ቤት፤
እኔ ከኋላ፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ እረፍት።

ቪየራ እንቁላሉን ቆጥራ ራሷን ነቀነቀች፤
የነጭ ሽንኩርት ሾርባ በጣሳ ቀዳች።
ከዚያ ሾርባ የሚበልጥ ካለ፣ ይቆየው ለባለቤቱ፤
ሃያ ሰው አንኮራፋ፤ እኔም አዋጣሁ በሌሊቱ።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ደመናው ከእግሬ በታች፣
ሸለቆው ሙሉ ወተት፤ ፀሐይ ጫፍ ጫፉን ነካች።
ጉሙ ሲቀደድ፣ ከሥር፣ አንድ ቀጭን ክር ታየ፤
ባቡሬ ነው፤ የአሥራ ሁለት ከአርባው፤ ዛሬም ዘገየ።
እዚያ ውስጥ አንዱ ልጅ አሁን "ትኬት!" ይላል፤
ቀና በል፣ ቀና በል አልኩት፤ እንዴት ይሰማል።
ከዚያ ሳቄ መጣ፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁ።

ሌላው መንገድ ረጅም ነው፤ ሁሉን አልተርክም፤
የበጉን አይብ፣ መብረቁን፣ የጠፋውን ካልሲዬንም።
በሠላሳ አራተኛው ቀን ዳኑብ ዳር፣ ዴቪን ደረስኩ፤
ጫማዬን ብቻ አውልቄ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ።

መመለሻው ባቡር። አምስት ሰዓት ብቻ!
ሠላሳ አራት ቀኔን ጠቀለለው እንደ ባዶ ስልቻ።
በደቡቡ መስኮት በኩል ቦታ ይዤ ተቀመጥኩ፤
"ትኬት!" አለች ልጅቷ፤ ኪሴን ፈተሽኩ።
ወጣ፤ ከሉድሚላ የቀረ ብሉቤሪ፣ ዳኑብ ያራሰው፣
ቀኑንና ሰዓቱን በወይን ጠጅ ደመሰሰው።
ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ጫማዬን አየች፤
ከዚያ በነጠብጣቡ መሃል፣
ቀጭ፣
ቆረጠች።